ሁለተኛው ናዳ፦ ከተናደ ተራራ ሥር ለእርዳታ የሚሮጥ ሰው ሊያውቀው የሚገባ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው እልቂት በአንድ ናዳ ብቻ የተፈጸመ አልነበረም። ዶፍ ዝናብ ከወረደ በኋላ በመጀመሪያ የተናደው አፈር ጥቂት ቤተሰቦችን ቀበረ። ጩኸቱን የሰማው ጎረቤት ዶማና አካፋ ይዞ፣ መሣሪያ ያላገኘውም በባዶ እጁ፣ የተቀበሩትን ሊያወጣ ወደ ስፍራው ጎረፈ። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ከሕዝቡ ጋር ነበሩ። ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ የተናደው ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ የሟቾች ቁጥር 229 መድረሱ ተገለጸ፤ ቁጥሩ ከዚያም በኋላ ጨመረ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀናት ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ሕይወታቸውን ካጡት መካከል አብዛኞቹ የመጀመሪያው ናዳ በቤታቸው ያገኛቸው ሳይሆኑ ሌላውን ለማዳን የመጡ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ አደጋ በወቅቱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሟቾች ብዛት፣ ስለ እርዳታው፣ ስለ ሐዘኑ። ሁለተኛው ናዳ ለምን እንደመጣና እንዲህ ያለው ነገር በዓለም ላይ የታወቀ ጠባይ ያለው መሆኑን ግን ጥቂቶች ብቻ አነሡ። ጉዳዩን ከሁሉ አስቀድመው በጥልቀት ያጠኑት ደግሞ ከአፈር ጋር ሳይሆን ከበረዶ ጋር የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው።

በዓረብኛ የበረዶ ናዳ «ኢንሂያር ሰልጂይ»፣ የመሬት ናዳ ደግሞ «ኢንሂያር አርዲይ» ይባላል። ስሙ አንድ ነው፤ የሚለየው የሚናደው ነገር ብቻ ነው። አማርኛም «ናዳ» የሚል አንድ ቃል ስላለው ከዓረብኛው ጋር ያለ ችግር ይገጥማል። የሚያስቸግረው በረዶው ነው። ዓረብኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውን «በረድ»፣ እንደ ጥጥ ብን ብሎ የሚያርፈውን ደግሞ «ሰልጅ» ብሎ ሲለይ፣ እኛ ሁለቱንም «በረዶ» እንላቸዋለን። «አመዳይ» የሚለው ቃል በመጽሐፍ ይገኛል እንጂ በአፍ እምብዛም አይሰማም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ዳሽን አናት ላይ እንኳ አልፎ አልፎ የሚነጣው በረዶ ብዙም ሳይቆይ ይቀልጣል፤ ወራት ቆይቶ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ ተከምሮ፣ ናዳ ለመሆን አይበቃም። የእኛ ናዳ አፈርና ድንጋይ ነው። በዜና ቋንቋ «የመሬት መንሸራተት» የሚለው አነጋገር እየተለመደ መምጣቱ ግን መጠነኛ ጉዳት አለው፤ መንሸራተት ቀስ ያለ ነገር ይመስላል። በእርግጥም ቀስ የሚል አለ። በደሴ ከተማና በዙሪያዋ ግድግዳ እየሰነጠቀ ለዓመታት የሚጓዝ መሬት አለ፤ በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በሰሜን ሸዋ ደብረ ሲና አካባቢ የተንቀሳቀሰው መሬትም በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ከቤታቸውና ከማሳቸው አፈናቅሏል። የጎፋው ግን ሰው ቀና ብሎ ሳይመለከት የሚደርስ ናዳ ነበር።

ከጎፋው አደጋ አራት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቀደም ብሎ፣ በፌብሩዋሪ 2020 መጀመሪያ፣ በምሥራቅ ቱርክ ቫን ግዛት ባህቼሳራይ በተባለ ተራራማ ስፍራ የበረዶ ናዳ በመንገድ ላይ የነበረ አነስተኛ አውቶቡስና የበረዶ መጥረጊያ ተሽከርካሪን ቀበረ። አምስት ሰዎች ሞቱ። በማግስቱ የነፍስ አድን ሠራተኞች፣ ወታደሮችና የአካባቢው ነዋሪዎች የጠፉትን በመፈለግ ላይ ሳሉ ከዚያው ተራራ ሌላ ናዳ ወርዶ በላያቸው ላይ ወደቀ። የሁለቱ ቀናት ሟቾች በድምሩ ከ40 በለጡ። ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲና ባህቼሳራይ በአየር ንብረትም በቋንቋም አይገናኙም፤ የሆነው ነገር ግን አንድ ነው። በአፍጋኒስታን ሳላንግ መተላለፊያ በ2010 የሆነው ደግሞ የተከታታይ ናዳ አደጋ ነበር። በብርቱ የበረዶ ማዕበል ሳቢያ ናዳ እየተከታተለ በመንገዱ ላይ ወርዶ፣ በርካታ ተሽከርካሪዎችን ከነተሳፋሪዎቻቸው ቀብሮ ከ160 በላይ ሰዎችን ገደለ።

የበረዶ ናዳ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ የአፈሩን ለመረዳት መንገድ ይጠርጋል። በረዶ በተራራ ላይ የሚከመረው እንደ እንጀራ ነው፤ እያንዳንዱ ማዕበል አንድ ንጣፍ ይደርባል። ከንጣፎቹ መካከል አንዱ ልል ከሆነ፣ በላዩ ያረፈው ከባድ ንጣፍ እንደ ሰሌዳ ተሰንጥቆ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ይህ በብዛት የሚሆነው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ነው። ይህም ማለት የተለመደውን የቤት ደረጃ ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ዝንባሌ ነው። ነፋስ በረዶውን ከአንዱ የተራራ ገጽ ጠርጎ በሌላው ላይ ስለሚቆልለው፣ ጸጥ ያለና ከነፋስ የተከለለ የሚመስለው ወገን ብዙ ጊዜ የባሰ ጭነት ያረፈበት ነው።

ከሁሉም በላይ አደገኛው ጊዜ ማዕበሉ ካቆመ በኋላ ያሉት አንድና ሁለት ቀናት ናቸው። ሰማዩ ይጠራል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ተራራው ነጭ ለብሶ ይጣራል። አዲሱ በረዶ ግን ከአሮጌው ጋር ገና አልተያያዘም። ለስፖርትና ለሽርሽር ወጥተው በበረዶ ናዳ ከሚሞቱት መካከል ከ10 ዘጠኝ ያህሉን የሚገድለው ናዳ የሚቀሰቀሰው በሟቹ በራሱ ወይም አብሮት ባለ ሰው ክብደት ነው። ስለዚህም የተራራ ተጓዦች ጥብቅ ሥርዓት አላቸው። የዕለቱን የአደጋ ደረጃ ሳያዩ አይወጡም፤ በአውሮፓ ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። አጠራጣሪውን ተዳፋት በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይሻገራል፤ ሌሎቹ ከናዳው መንገድ ውጭ ቆመው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩታል። በአቅራቢያው ትኩስ ናዳ ካዩ፣ በእግራቸው ሥር «ኡምፍ» የሚል የታፈነ ድምፅ ከሰሙ፣ በረዶው ከፊታቸው ሲሰነጠቅ ከተመለከቱ ይመለሳሉ። የሚገርመው፣ በአውሮፓ ብዙ ሰው የሚሞተው አደጋው 5 በሚባልበት ቀን ሳይሆን 3 በሚባልበት ቀን ነው። አምስት ሲባል ሰው ቤቱ ይቀመጣል፤ ሦስት ሲባል «ያን ያህል አይደለም» ብሎ ይወጣል።

አሁን ወደ አፈሩ እንመለስ። እዚህ ላይ አንድ ዋና ልዩነት አለ፤ የሰው ክብደት የአፈርን ተራራ እምብዛም አይቀሰቅስም። የሚቀሰቅሰው ውኃ ነው። በደጋማው ኢትዮጵያ ብዙ ተዳፋት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መበስበስ የተገኘ ወፍራም የሸክላነት ጠባይ ያለው አፈር ለብሷል። ዝናብ ሲሰርግ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውኃ ይሞላል፤ ውኃው ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ከመያያዝ ይገፋቸዋል፤ አፈሩም በአንድ በኩል ይከብዳል፣ በሌላ በኩል ይላላል። ሥሩ ጠልቆ አፈሩን ሰፍቶ ይይዝ የነበረው ዛፍ ከተቆረጠ፣ ለቤት ወይም ለመንገድ ሲባል የተዳፋቱ ግርጌ ከተቆፈረ፣ የሚቀረው ጉልበት ያንሳል። ውኃው ወደ ጥልቅ ለመውረድ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ በበረዶው ተራራ እንዳየነው ሁሉ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ የወጣችበት ጠዋት የደኅንነት ማረጋገጫ አይደለም።

ሁለተኛው ናዳ ለምን ይመጣል? የተዳፋት ግርጌ የላይኛውን አፈር እንደ ምሰሶ ደግፎ የያዘ ነው። የመጀመሪያው ናዳ ያንን ድጋፍ ይዞት ይሄዳል። ከላይ የቀረው አፈር ቀድሞ ዘንበል ያለ መሬት ነበር፤ አሁን ግን ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከፊቱ የሚደግፈው የሌለ ገደል ይሆናል። ከገደሉ አፋፍ ወደ ኋላ ብዙ ጊዜ ስንጥቅ ይከፈታል። ዝናቡ ከቀጠለ ውኃው በቀጥታ በስንጥቁ ይገባል፤ ባይቀጥልም ከላይ የሚሰርገው ውኃ መውረዱን አያቆምም። በዚህ ላይ ከታች ሰዎች የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ የቀረውን ግርጌ ይበልጥ ያሳሱታል። «አንዴ ወርዷል፣ ያለው አልቋል» የሚለው ግምት እንግዲህ ከእውነታው ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። አንዴ የተናደ ተዳፋት ካልተናደው ጎረቤቱ ይልቅ ለመናድ የቀረበ ነው።

ይሁን እንጂ «አትጠጉ» ብሎ ማለፍ ለሰውም አይዋጥም፣ ለሕይወት ማዳንም አይበጅም። በበረዶ ናዳ የተቀበረ ሰው በ10 እና በ15 ደቂቃ ውስጥ ቢወጣ በሕይወት የመገኘት ዕድሉ ከ10 ዘጠኝ ያህል ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ወደ ሦስት አንድ ይወርዳል። አፈር ከዚህ የከፋ ነው። አንድ ሜትር ኩብ የናዳ በረዶ ከ300 እስከ 500 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ የረጠበ አፈር ወደ 2,000 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ደረትን ይጫናል፣ አየር አያሳልፍም። ከመዲና ወይም ከዞን ከተማ የሚላክ የነፍስ አድን ቡድን በእነዚያ ደቂቃዎች አይደርስም። ሰውን በሕይወት ማውጣት የሚችለው ጎረቤት ብቻ ነው። ጎፋ ላይ ሕዝቡ መሮጡ ስሕተት ነበር የሚል ሰው ካለ ይህንን ያላወቀ ነው። የጎደለው ነገር የመቆሚያ ስፍራና የተመልካች ጉዳይ ነበር፤ ይህንን ደግሞ ማንም አስቀድሞ አላስተማራቸውም።

በበረዶ ተራሮች የተለመደው አሠራር የሚወስደው ጊዜ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ማንም ወደ ፍርስራሹ ከመግባቱ በፊት ሁሉም ቀና ብሎ ያያል፤ ከላይ ምን ቀርቷል? የተንጠለጠለ አለ? አንድ ሰው፣ አካፋ ሳይሆን ፊሽካ የያዘ፣ ከናዳው መንገድ ጎን ባለ ከፍ ያለ ስፍራ ይቆማል። ሥራው ወደ ላይ ማየት ብቻ ነው። ቆፋሪዎች ምልክቱ ሲሰማ ወዴት እንደሚሮጡ አስቀድመው ይስማማሉ፤ ሩጫውም ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው፣ ምክንያቱም ከናዳ ወደ ቁልቁል ሮጦ የሚያመልጥ የለም። የሚቆፍሩት አስፈላጊዎቹ ብቻ ናቸው፤ ተረኞችና ለማየት የመጡት ከናዳው መንገድ ውጭ ይጠብቃሉ። በእኛ አገር ከባዱ ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል። ለቅሶ ላይ ዳር መቆም ነውር በሆነበት ማኅበረሰብ መቶ ሰው በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ የሚቆፍረው ግን አሥር ነው። ሌሎቹ ዘጠና ሰዎች ለተቀበረው አንዳች ሳይጨምሩ በሁለተኛው ናዳ መንገድ ላይ ይቆማሉ። በየመንደሩ ለቀብር የሚነፋ ጡሩምባ አለ፤ ያንኑ ጡሩምባ በተመልካቹ እጅ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

ፍለጋውም የራሱ ብልሃት አለው። በበረዶ ስፍራ እያንዳንዱ ተጓዥ የሬዲዮ ምልክት የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ ደረቱ ላይ ያስራል፤ ባልደረቦቹ በዚያ አቅጣጫውን ይለያሉ፣ በረጅም ዘንግ ወግተው ጥልቀቱን ያውቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ይቆፍራሉ። በገጠር ቀበሌ ይህ መሣሪያ የለም። ያለው የሰው ዕውቀት ነው፤ ማን በየትኛው ቤት አድሮ ነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የት ታየ፣ ቤቱ ራሱ በናዳው ምን ያህል ወደ ታች ተገፋ። አንድ ሰው እነዚህን ጠይቆ ስም ቢመዘግብ የቆፋሪው ጉልበት ባልሆነ ቦታ አይባክንም። በየጥቂት ደቂቃው ሁሉም ዝም ብሎ ማዳመጥም ከጩኸቱ መካከል ያልተሰማውን ድምፅ ያሰማል። ናዳው ወንዝ ዘግቶ ከሆነ ደግሞ ሌላ አደጋ ተደቅኗል። ከግድቡ በላይ ውኃ ይጠራቀማል፣ ድንገት ሲደረመስም ከታች ያሉትን ሜዳማ መንደሮች ሳይቀር ይጠርጋል። ስለዚህ ወንዝ በክረምት ድንገት ሲጎድል ደስ የሚያሰኝ ነገር የለውም።

በዶሃ፣ በመዲናት ኸሊፋ ተቀምጦ ስለ ተራራ ማውራት እንግዳ ሊመስል ይችላል። የኳታር ከፍተኛው ስፍራ 103 ሜትር ብቻ ነው፤ በዚህ አገር የሚናድ ተዳፋት የለም። ነገር ግን በዚህ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ የሚጓዝበትን ወቅት ልብ ይሏል። ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት፣ አሠሪ ቤተሰቦች ለዕረፍት የሚወጡት፣ ሙቀቱም የሚበረታው በጁላይና በኦገስት ነው፤ ይህም በሐምሌና በነሐሴ፣ የደጋው ዝናብ በሚበረታበት ጊዜ ማለት ነው። ከቦሌ ወርዶ በማግስቱ ሌሊት ተነሥቶ ከነሻንጣው ወደ ትውልድ ቀዬው የሚገሠግሰው መንገደኛ የሚያልፈው በእነዚሁ ተዳፋቶች ሥር ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው የዓባይ በረሃ መንገድ በመሬት መንቀሳቀስ ስንት ጊዜ እንደተጎዳና እንደተጠገነ የማያውቅ የጎጃም ሰው የለም። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ፣ በጣርማ በርም መልኩ ይህንኑ ይመስላል። ወደ ደቡብ ለሚሄድ ደግሞ የዝናቡ ወራት ይለያሉ፤ በበልግም ጥንቃቄው አይቀርም።

የመንገደኛው ጥንቃቄ ከበረዶው ተጓዥ ጋር ይመሳሰላል። ትልቅ ዝናብ ባደረበት ማግስት ጉዞን በግማሽ ቀን ማዘግየት፣ ቢቻል በሌሊት አለመጓዝ የመጀመሪያው ነው፤ በጨለማ የወረደ ድንጋይም የተሰነጠቀ አስፋልትም አይታይም። በመንገዱ ላይ ትኩስ ጠጠርና ጭቃ መገኘቱ ከላይ ገና የሚመጣ እንዳለ ይናገራል። መንገድ ተዘግቶ መኪኖች ሲሰለፉ የሚቆሙት ብዙ ጊዜ በዚያው በተናደው ተዳፋት ሥር ነው፤ ተሳፋሪውም ወርዶ ድንጋይ ይገፋል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ፎቶ ያነሣል። ያን ጊዜ ሹፌሩን «ወደ ኋላ መለስ ብለን ክፍት ቦታ ላይ እንቁም» ማለት የፈሪ ንግግር አይደለም። ጊዜ ባይኖረው እንኳ ማንም መንገደኛ ቀና ብሎ ለማየት ጊዜ አያጣም።

ከመጓዝ ይልቅ በስልክ ብቻ ከቤተሰቡ ጋር የሚገናኘው ደግሞ ይበዛል። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከባድ ዝናብ ይጠበቃል ሲል መረጃው ከእኛ ስልክ ላይ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ተራራ ሥር ላለችው እናት ግን ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ በሐምሌ ምሽት ከዶሃ የሚደወለው ስልክ ከ«ደኅና ናችሁ?» ትንሽ አልፎ መጠየቅ ይችላል። ከቤቱ በላይ ባለው ማሳ አዲስ ስንጥቅ ታይቷል? ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረ ዛፍ ወይም የመብራት እንጨት ዘንበል ብሏል? በሩ በድንገት አልዘጋ ብሏል? የምንጩ ውኃ ደፍርሷል፣ ወይስ ምንጭ ባልነበረበት ቦታ ውኃ ፈልቋል? ከላይ ድንጋይ እየተንከባለለ ይወርዳል? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ «አዎ» የሚል መልስ ከመጣ ቀጣዩ ጥያቄ ቤተሰቡ ዛሬውኑ፣ ሳይጨልም፣ ከተዳፋቱ ርቆ የሚያድርበት ዘመድ ቤት የት እንዳለና ልጆቹንና አቅመ ደካሞቹን ማን ይዞ እንደሚሄድ ነው።